ከአፕዴት በኋላ ሼር ፎልደር እምቢ ሲል፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ማይክሮሶፍት ዋናውን የዊንዶውስ አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ረቡዕ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ማሽኑ አፕዴቱን ጭኖ ሪስታርት ያደርጋል፣ ከዚያ የኔ ስልክ መጮህ ይጀምራል። ደሴ ፒያሳ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ሰኞ ገበያ ካለ ጅምላ አከፋፋይ፣ ኮምቦልቻ ካለ ሒሳብ ክፍል። ከሌላ ኮምፒውተር የሚከፍቱት ሼር ፎልደር አልከፈት ብሏቸው፣ ሁሉም የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ትናንት እኮ ይሠራ ነበር!»

አዎ፣ ይሠራ ነበር። ግን ብዙዎቻችን ፎልደር ሼር ስናደርግ የኖርነው ያለ ፓስወርድ፣ በአሮጌ ፕሮቶኮል (ማሽኖች የሚነጋገሩበት ቋንቋ)፣ ከአንድ ማሽን ተገልብጦ በተጫነ ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ እነዚህን በሮች አንድ በአንድ እየቆለፈ መጥቷል። እኔ ከታች የማወራው ቁልፉን ስለመስበር አይደለም፣ ቁልፍ ስለማስቀረጽ ነው። መስበሩን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል።

ፎልደሩ ድንገት አልከፈት አለኝ። ከየት ልጀምር?

አፕዴቱን ከመርገማችሁ በፊት ራውተሩን እዩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እንደገና ይነሣና ለዋናው ማሽን (ሼሩ ያለበትን ማለቴ ነው) ሌላ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ሊሰጠው ይችላል። ትናንት 192.168.1.10 የነበረው ዛሬ 192.168.1.14 ይሆናል። ዴስክቶፕ ላይ ያለው ሾርትከት ግን አሁንም 10ን ነው የሚጠራው። መብራትና አፕዴት በአንድ ሌሊት ከተገጣጠሙ ጥፋተኛው ሁሌም አፕዴቱ ነው፣ መብራቱንማ ለምደነዋል።

ዋናው ማሽን ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ አይፒኮንፊግ ብላችሁ ቁጥሩን እዩ። ከዚያ እምቢ ወዳለው ማሽን ሂዱና የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭናችሁ \\192.168.1.10 ብላችሁ ጻፉ፣ በእርግጥ የራሳችሁን ቁጥር። በቁጥር ተከፍቶ በስም ካልተከፈተ ችግሩ የስም ብቻ ነው፤ ሾርትከቱን በቁጥር ሥሩት። ፓስወርድ ከጠየቃችሁ ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ወደ ፓስወርዱ ጥያቄ ውረዱ። ጭራሽ ድምፁ ከጠፋ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ቁጥሩ እንዳይቀያየር ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለዋናው ማሽን ቋሚ አይፒ አስይዙለት። ሌላም አለ፦ ግቢ ውስጥ ሁለት ራውተር ካላችሁ፣ አንዱ በ192.168.1 ሌላው በ192.168.0 የሚጀምር ቁጥር የሚያድል ከሆነ፣ ዋይፋይ ላይ ያለው ላፕቶፕ ኬብል ላይ ያለውን ማሽን ላያገኘው ይችላል። ይኼ ከአፕዴት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ ግን በአፕዴት ስም ስንቴ ተጠርቼበታለሁ።

«ኔትወርክ ፓዝ ወዝ ኖት ፋውንድ» ይላል፣ ቁጥሩም 0ኤክስ80070035 ነው። ምን ማለት ነው?

«ማሽኑ ጋ መድረስ አልቻልኩም» ማለት ነው። ለምን እንዳልቻለ አይነግራችሁም። ከአፕዴት በኋላ እኔን በብዛት የገጠመኝ ምክንያት የኔትወርኩ ዓይነት ከፕራይቬት ወደ ፐብሊክ መገልበጡ ነው። ፐብሊክ ላይ ዊንዶውስ ያላችሁበትን ቦታ እንደ ካፌ ዋይፋይ ስለሚቆጥረው ፋየርዎሉ (የኔትወርክ ዘበኛው) ፋይል ሼሪንግን ይዘጋል።

ሴቲንግስ ግቡ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት በሉ፣ የተገናኛችሁበትን መስመር ክፈቱና ፕራይቬት አድርጉት። ዋናው ማሽን ላይ ነው ይኼ መደረግ ያለበት፣ እምቢ ያለው ላይ ብቻ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

አንድ ክረምት ኮምቦልቻ ካለ መጋዘን ተደወለልኝ፣ «ሲስተሙ በሙሉ ሞቷል» ተብዬ። በስልክ እንፍታው ብል እምቢ አሉ። የሐረጎን ተራራ መንገድ በዚያ ጉም ውስጥ፣ ፊት ለፊት ያለው መኪና ሳይታይ ወረድኩ። ደርሼ ሁለት ክሊክ አደረግኩ፣ ፕራይቬት አልኩት፣ ተከፈተ። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። አስከፍያቸዋለሁ፣ ግን ስለ ክሊኩ ሳይሆን ስለ ሐረጎ ነው።

ፕራይቬት ሆኖም እምቢ ካለ፣ ለብቻው የጫናችሁት አንቲቫይረስ የራሱ ፋየርዎል አለው ወይ ብላችሁ እዩ። ፋይል ሼሪንግ የሚሄደው በፖርት 445 ነው፣ ፖርት ማለት የኔትወርክ በር ቁጥር ነው። እሱ ከተዘጋ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ድሮ ያለ ፓስወርድ ነበር የምንገባው። አሁን የድርጅታችሁ ፖሊሲ እንግዳ ይከለክላል ይለኛል። እኛ ምን ፖሊሲ አለን?

ፖሊሲ የላችሁም፤ ማይክሮሶፍት ነው ያወጣላችሁ። በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ገደማ የወጣው 24ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 11 ሥሪት በፕሮ እትም ላይ ሁለት ነገር ለወጠ። አንደኛ፣ በጌስት ማለትም ማንነቱ ሳይታወቅ ወደ ሼር መግባትን ዘጋ። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ማሽኖች መሃል የሚሄደው መልእክት ሁሉ ፊርማ እንዲኖረው አስገደደ። ፊርማው ደግሞ የሚሠራው ከፓስወርዱ በሚወጣ ቁልፍ ነው፤ ጌስት ፓስወርድ ከሌለው በምን ይፈርማል? ስለዚህ አንዱን በር ብትከፍቱት እንኳ ሁለተኛው ይይዛችኋል። ቪዲዮ አይታችሁ ግማሹን ሠርታችሁ «አልሆነም» የምትሉት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ትንሽ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ዋናው ማሽን ላይ አዲስ ሎካል ዩዘር ፍጠሩ። ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ፣ ከዚያ አዘር ዩዘርስ በሉ፤ ኢሜይል ሲጠይቃችሁ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት የሚለውን ምረጡ። ስሙ አጭር ይሁን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት። ፓስወርድ የግድ ስጡት፤ ዊንዶውስ ፓስወርድ የሌለውን ሎካል ዩዘር በኔትወርክ አያስገባም። ከዚያ ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ግቡ፣ ሼሪንግ የሚለው ላይም ሴኪዩሪቲ የሚለው ላይም ያንን ዩዘር ጨምሩ። ሁለቱም ላይ። አንዱ ፈቅዶ ሌላው ከከለከለ የሚያሸንፈው ከልካዩ ነው።

ቀጥሎ በየማሽኑ ዞራችሁ ክሬደንሺያል ማኔጀር (ዊንዶውስ ፓስወርዶችን የሚያስቀምጥበት) ክፈቱና የዋናውን ማሽን ስም ወይም አይፒ፣ ዩዘሩን፣ ፓስወርዱን አስገቡ። አንድ ጊዜ ካስገባችሁ በየቀኑ አይጠይቃችሁም። አምስት ማሽን ላለው ቢሮ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ጌስቱን መልሶ መክፈት ይቻላል ወይ? ይቻላል። አላደርገውም። ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው መታወቂያ፣ የሰው ዲግሪ፣ የሰው ውል ስካን የሚደረግበት ቦታ ነው፤ የዋይፋዩን ፓስወርድ ያወቀ ሁሉ ያንን ፎልደር ማየት የለበትም።

የሷ ላፕቶፕ ይከፍታል፣ የኔ ግን እምቢ አለ። አፕዴታችን አንድ ነው።

የሷ ዊንዶውስ ሆም እትም ነው፣ ያንተ ፕሮ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከላይ ያልኳቸው ሁለት ለውጦች ሆም ላይ በነባሪ አልመጡም። ስለዚህ ርካሹ ላፕቶፕ ሲከፍት ውዱ ይቆማል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አባውት ብለህ እየው።

ፓስወርዱን በትክክል እየጻፍኩ አይቀበለኝም። ልበድ ነው!

ተረጋጉ። በቅደም ተከተል እንሂድ።

ፒን ነው የምትጽፉት? ያ ጠዋት የምትከፍቱበት አራት ዲጂት ፒን ለዚያው ማሽን ብቻ ነው፣ በኔትወርክ አይሠራም። ማሽኑ በማይክሮሶፍት አካውንት የሚከፈት ከሆነ ዩዘርኔሙ ኢሜይሉ ነው፣ ፓስወርዱም የኢሜይሉ አካውንት ፓስወርድ ነው፤ ብዙ ሰው ረስቶታል። ለዚህ ነው ሎካል ዩዘር ፍጠሩ የምለው።

ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ነው? ይኼ ያስቃል ግን እውነቴን ነው። ፓወር ግዕዝ ተከፍቶ ሲውል ፓስወርዱ በነጥብ ስለሚሸፈን የምትጽፉት «ሀ» ይሁን ሌላ አይታያችሁም። መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ጻፉትና እዩት።

አሮጌው ፓስወርድ ተቀምጦ ይሆን? ክሬደንሺያል ማኔጀር ውስጥ የድሮውን አጥፉና እንደገና አስገቡ። ስህተቱ 1219 የሚል ቁጥር ካለው ደግሞ ወደዚያው ማሽን በሌላ ዩዘር ቀድማችሁ ገብታችኋል ማለት ነው፤ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ማሽን በሁለት ስም አያስገባም። የተያያዙትን ድራይቮች በሙሉ አላቅቁ፣ ሳይን አውት በሉ፣ ተመለሱ።

ዩዘርኔሙን ደግሞ ከፊቱ የዋናውን ማሽን ስም ጨምራችሁ ጻፉት፤ የማሽኑ ስም፣ አንድ \፣ ከዚያ ዩዘሩ። ያለዚያ አንዳንዴ ዊንዶውስ ዩዘሩን በራሳችሁ ማሽን ላይ ይፈልገዋል።

ይኼ ሁሉ ተደርጎም ፓስወርዱን ደጋግሞ እየጠየቀ የሚመልሳችሁ ከሆነ ቀጣዩን አንብቡ። ዘንድሮ ያደከመኝ እሱ ነው።

ማሽኖቻችን ሁሉ በጎስት ነው የተጫኑት። ችግር አለው?

አለው። ድሮ አልነበረውም፣ አሁን አለው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ሃያ ኮምፒውተር ይገዛል፣ አንዱ ላይ ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ ፓወር ግዕዝ ይጫናል፣ ከዚያ ሃርድ ዲስኩ እንዳለ ወደ ሌሎቹ ይገለበጣል። ሁላችንም አድርገነዋል፣ እኔም ጭምር። ነገር ግን እያንዳንዱ ዊንዶውስ ሲጫን ለራሱ ሲድ የሚባል መለያ ቁጥር ያወጣል። ሲገለበጥ ቁጥሩም አብሮ ይገለበጣል፣ ሃያውም ማሽን መንታ ይሆናል። እንደ እኛ ያለ ትንሽ ኔትወርክ ላይ ለዓመታት ማንም አልተጎዳበትም።

ከነሐሴ 2025 መጨረሻ (በፈረንጆች) ጀምሮ የወጡ አፕዴቶች ግን ዊንዶውስ 11 24ኤች2፣ 25ኤች2 እና ሰርቨር 2025 ላይ ይኼንን ማጣራት ጀመሩ። ሁለት ማሽን አንድ ዓይነት ሲድ ይዘው ሲገናኙ ትክክለኛ ፓስወርድ ብትሰጡም አያስገባም። ፎልደርም አይከፈትም፣ ሪሞት ዴስክቶፕም እንዲሁ። መልእክቱ «ፓስወርድህ ልክ አይደለም» ስለሚል ሰው ፓስወርዱን ሲቀይር ይውላል። እኔ ሆጤ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ከጠዋት እስከ ምሳ ስቀይር ዋልኩ፣ አልዋሽም።

እንዴት ታውቃላችሁ? ሁለቱም ማሽኖች ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ «ማነኝ» የሚለውን ትዕዛዝ፣ ማለትም ሁአምአይ፣ ከዚያ ክፍተት፣ ስላሽ (/)፣ ዩዘር ብላችሁ ጻፉ። ረጅም ቁጥር ይመጣል። ከመጨረሻው ሰረዝ በኋላ ያለውን እንደ 1001 ያለ ቁጥር ተዉትና የቀረውን አወዳድሩ። አንድ ከሆነ መንታ ናቸው። ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥም 6167 የሚል ቁጥር ልታገኙ ትችላላችሁ።

መፍትሔው አይጣፍጥም። ማሽኖቹን እንደገና በትክክል መጫን ነው ያለው። ወደፊት ጎስት ስትሠሩ ከመገልበጣችሁ በፊት ሲስፕሬፕ የሚባለውን አብሮ የሚመጣ መሣሪያ «ጄነራላይዝ» በሚለው ምርጫ አስኪዱት፤ ያኔ እያንዳንዱ ማሽን ሲነሣ የራሱን ቁጥር ያወጣል። ሃያውንም በአንድ ቀን ካልቻላችሁ ከዋናው ማሽን ጀምሩ። የሁሉም ሽኩቻ ከእሱ ጋር ስለሆነ እሱ ብቻ ሲለይ ወደ እሱ የሚሄደው መንገድ ይከፈታል። የተቀሩት እርስ በርስ የሚገናኙት ከስንት አንዴ ነው። ግን ዳታውን ባክአፕ ሳታደርጉ እንዳትነኩት።

ሲድ እንቀይራለን የሚሉ ከየትም የሚወርዱ ፕሮግራሞች አሉ። የሰው ሒሳብ ያለበት ማሽን ላይ አልሞክራቸውም።

ትልቁ ፎቶ ኮፒ ማሽን ወደ ፎልደር ስካን ማድረግ አቆመ። ማሽኑ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም፣ አርጅቷል። ብዙዎቹ እዚህ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት ማሽኖች የሚያውቁት የፋይል ሼሪንጉን የመጀመሪያ ትውልድ ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ኤክስፒም እንዲሁ። ያ ፕሮቶኮል ነው በግንቦት 2017 (እንደ ፈረንጅ) ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ የገባበት። የዚያኑ ዓመት ጥቅምት ላይ የወጣው ዊንዶውስ 10 ኤስኤምቢ 1ን በነባሪ መጫን አቆመ። መልሶ ማብራት ይቻላል፣ ብዙዎችም አብርተውት ነው የሚሠሩት። በመስከረም 2025 የወጣው አፕዴት ደግሞ ኤስኤምቢ 1ን በድሮው ኔትባዮስ መንገድ የሚጠቀሙትን አቋረጠባቸው፤ ማይክሮሶፍት ያኔ የሰጠው ጊዜያዊ መፍትሔ ፖርት 445ን መክፈት ነበር።

የኔ ምክር፦ መጀመሪያ የማሽኑን ሴቲንግ ውስጥ ኤስኤምቢ 2 ወይም 3 የሚል ምርጫ ካለ እዩ፣ አንዳንዱ አለው ግን አልበራም። ከሌለው ወደ ፍላሽ ስካን አድርጉ፣ ወይም ማሽኑ ኤፍቲፒ የሚባለውን ሌላ የፋይል መላኪያ መንገድ የሚያውቅ ከሆነ በእሱ። ፎልደሩን በአማርኛ የሰየማችሁትም ከሆነ በእንግሊዝኛ ፊደል ቀይሩት፤ ዊንዶውስ አማርኛውን ያነባል፣ አሮጌ ስካነር ግን አያነብም።

ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፒችትሪ ግን ካምፓኒውን አላገኘሁም ይላል።

ከሒሳብ ክፍሎች የሚመጣው ጥያቄ በሙሉ ይኼ ነው፣ በተለይ የግብር ጊዜ ሲደርስ። ፒችትሪ፣ ይኼ የሒሳብ ፕሮግራም፣ ፎልደሩን ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ፐርቬሲቭ የሚባለው ዳታቤዝም ዋናው ማሽን ላይ መነሣት አለበት። ሰርቪስስ ውስጥ ገብታችሁ ፐርቬሲቭ መሥራቱን እዩ። ከአፕዴት በኋላ ፋየርዎሉ ረስቶትም ሊሆን ስለሚችል ፖርት 1583 እና 3351 ይፈቀዱለት።

ሁለተኛው ወጥመድ ረቀቅ ያለ ነው። ፒችትሪን «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብላችሁ ከከፈታችሁት በመደበኛው ዩዘራችሁ ያያያዛችሁትን ዜድ ድራይቭ አያየውም። እናንተ ፊት ለፊት ዜድን እያያችሁት እሱ የለም ይላል። በመደበኛ ክሊክ ክፈቱት፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጠዋት ስከፍት ድራይቩ ላይ ቀይ ኤክስ አለ፣ ስጫነው ግን ይከፈታል።

ዊንዶውስ ዋይፋዩ ሳይያያዝ ቀድሞ ነው የፈለገው። ጉዳት የለውም። ካናደዳችሁ ኬብል ሰኩ።

ኔትወርክ የሚለው ውስጥ የሌሎቹ ማሽኖች ስም ጠፋ።

ስሞቹን የሚዘረዝረው የድሮው መንገድ ከኤስኤምቢ 1 ጋር አብሮ ሄዷል። ዋናው ማሽን ላይ ፈንክሽን ዲስከቨሪ የሚሉትን ሁለት ሰርቪሶች ወደ አውቶማቲክ ብትቀይሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ባይመለስም ምን ቸገራችሁ፣ በ\\ እና በአይፒው ግቡ።

ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ነኝ። «ሆስት ኢዝ ዳውን»፣ 112 ይላል። ማሽኑ ግን በርቷል!

በርቷል፣ ቋንቋ ነው ያልተግባባችሁት። ሊኑክስ ከከርነል 4.13 ወዲህ በነባሪ ኤስኤምቢ 1ን አይናገርም፤ የሊኑክስ ፋይል ሼሪንግ ፕሮግራሙ ሳምባም ከ4.11 ጀምሮ እንዲሁ። ሼሩ ያለበት መሣሪያ የድሮውን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ኡቡንቱ «የለም» ይለዋል። ስህተቱ 13 ከሆነ ግን የፓስወርድ ወይም የፈቃድ ጉዳይ ነው። ኤፍስታብ (ሲነሣ የሚያያዙ ድራይቮች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ለምትጽፉት መስመር «ኖፌይል» የሚለውን አትርሱ፤ አለበለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዋናው ማሽን ከመነሣቱ በፊት የእናንተው ከተነሣ ሼሩን ሲጠብቅ ቆሞ ይቀራል።

አፕዴቱን ላጥፋውና ልገላገል?

ትልቁ ዓመታዊ አፕዴት ከሆነ እስከ 10 ቀን ድረስ ወደ ኋላ መመለስ ትችላላችሁ። ደንበኛ ቆሞ ሥራ ከተጨናነቀ፣ ቅዳሜ ገበያ ቀን ከሆነ፣ መልሱትና እሁድ በርጋታ ሥሩት፣ አልፈርድባችሁም። ለዘለዓለም ማጥፋቱን ግን ተዉት። «ዊንዶውስ 10 ላይ ብቀርስ?» የሚሉኝም አሉ፤ የእሱ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 በፈረንጆች አብቅቷል።

ሼር ያደረግነው ፕሪንተርስ?

እሱ ሌላ ጣጣ ነው። ከመስከረም 2021 አፕዴት ጀምሮ 0ኤክስ0000011ቢ የሚል ስህተት ያመጣል። ፕሪንተሩ የኔትወርክ ሶኬት ካለው ከማሽን አላቁትና በቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰኩት፣ ሼር ማድረግም ይቀራል።

ካልሆነልኝ ስደውልልህ ምን ልበልህ?

«አልሠራ አለ» አትበሉኝ። የስህተቱን መስኮት በስልካችሁ ፎቶ አንሡና በቴሌግራም ላኩት፣ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ። የዋናው ማሽን አይፒ ስንት ነው፣ ሆም ነው ፕሮ፣ በጎስት ነው የተጫነው ወይስ ለየብቻ፣ ፕራይቬት ነው ፐብሊክ፣ ይኼን ይዛችሁ ደውሉ። ኮምቦልቻ ያላችሁት በተለይ ፕራይቬት መሆኑን ሁለቴ አይታችሁ።